ኀዘን መቼ ተኝቶ ያውቃል?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የቦይንግ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። የዕለት ወሬም ቍጥራቸውን ነግሮ ወደ ሌላው ተሻገረ።

በየካቲት 2014 ዓ.ም. ስለዚሁ ጥፋት «ዳውንፎል» የተባለ ፊልም ወጣ። «የተኛውን ኀዘን ስለ ምን ይቀሰቅሱታል?» የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ልጁን ያጣ ወላጅ ኀዘኑ መቼ ተኝቶ ያውቃል?

ፊልሙ የሚጠይቀው የሞቱን ምክንያት ነው። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ተመሳሳዩ አውሮፕላን 189 ሰዎችን ይዞ በኢንዶኔዥያ ባሕር እስኪሰጥም ድረስ፥ አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች የሚደፍቅ መሣሪያ እንዳለበት ኩባንያው ለአብራሪዎች አልነገረም ነበር። ከዚያም በኋላ አውሮፕላኑ ከመብረር አልታገደም።

እንግዲህ ይህን ሳይጠይቁ ማልቀስ ግማሽ ልቅሶ ነው፤ የልቅሶ ሰሙ እንባ፥ ወርቁ ግን እውነት ነውና።