ሁለት ቅጂ ያለው ታሪፍ



የከተማ ትራንስፖርት ችግር ሲነሳ የባለሥልጣናት ዐይን ወዲያው አዲስ አበባ ላይ ያርፋል። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የተሰለፉት ከተሞች ግን፣ ውጫሌን ጨምሮ፣ የሚተማመኑት በዚያው በአንዱ ጎዳና ነው። ከባድ መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ገበያተኛውና ተማሪው የሚጋፉት እዚሁ ላይ ነው። በገበያ ቀንማ እግረኛው የት ይሂድ?

ሸክሙን ሊያቀልል ይችል የነበረው የአዋሽ–ወልዲያ የባቡር መስመር ነበር። 392 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ ፕሮጀክት ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ቢጀመርም በኤሌክትሪክ ኃይል እጦት ተጓተተ፤ ኋላም ጦርነቱ ጎዳው። ጭነቱ ዛሬም በከተሞቻችን መሐል ያልፋል። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ቢሆን ከተገዙለት 41 ባቡሮች አብዛኞቹ ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል። ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ስለ ጥገናው የሚጠይቅ ምክር ቤት ስለሌለ የመጣ ጣጣ ነው ብለን እናምናለን።

ውጫሌ ስለ ሁለት ቅጂ አስተማሪ አያስፈልጋትም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው የሚፈቅደውን በጣሊያንኛው ያስገድድ ነበር። የትራንስፖርት ታሪፍም ዛሬ ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ መናኸሪያ የተለጠፈው፣ ሌላው ረዳቱ የሚጠራው። ሲመሽ፣ በበዓል ዋዜማ፣ ነዳጅ ጠፋ በተባለ ጊዜ ተሳፋሪው የሚከፍለው ሁለተኛውን ነው። ሹፌሩን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ለሕዝብ ማመላለሻ የታለመ ድጎማ ይቀራል ተብሎ ነበር፤ ማደያ ደርቆበት ከጥቁር ገበያ በጀሪካን የገዛ ሹፌር በተለጠፈው ታሪፍ ሊሠራ አይችልም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51(9) ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50(4) ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ፣ በአንቀጽ 43(2) ደግሞ ሕዝቡ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅ ያዛል። የመጀመሪያው ሲሠራበት ሌሎቹ በወረቀት ቀርተዋል።

ፓርቲያችን ከተመረጠ ዋና መንገድ በሚያልፍባቸው ከተሞች ሁሉ ማዘጋጃ ቤቱ በመሐል ከተማ ስላለው የመንገዱ ክፍል እኩል የመወሰን ሥልጣን እንዲኖረው ሕግ ያወጣል። የከባድ መኪና ማደሪያ ከከተማ ውጭ ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ በየሊትሩ ነዳጅ ላይ የሚሰበስበው ገንዘብ ለየከተማው ስንት እንደደረሰ በየዓመቱ በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ እንዲለጠፍ ይደረጋል። የባጃጅ ወጣቶችን በቃል ትእዛዝ ዛሬ ማስወጣት ነገ ማገድ ይቀራል፤ መቆሚያቸውና የሥራ ሰዓታቸው በጽሑፍ ደንብ ይወሰናል፤ የሚቀጡም ቢሆኑ በደረሰኝ ይቀጣሉ። ታሪፍ ሲወጣም ከማኅበራቱ ጎን የተሳፋሪ ተወካዮች ይቀመጣሉ፤ የነዳጅ ዋጋ በተቀየረ በ15 ቀን ውስጥም እንደገና ይታያል።