ሂሳብ ከፍለህ ስድብ ለምን ትጨምራለህ?

ጨዋ ሕዝብ ነን እንላለን። ትልቅ ሰው ሲገባ ከወንበራችን ብድግ እንላለን፤ እንግዳን በሞቴ ብለን እናጎርሳለን፤ መንገድ ላይ ያገኘነውን ሰው የልጆቹን፣ የእናቱን፣ የጎረቤቱን ደኅንነት ሳንጠይቅ አናልፍም። ታዲያ ይህ ሁሉ ጨዋነት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ቺቺኒያ ሲደርስ የት ይገባል? ቀን ቢሮው ውስጥ ለጽዳት ሠራተኛዋ «እባክሽን» የሚለው ሰው፣ እሑድ ጠዋት ነጠላውን አጣፍቶ የሚያስቀድሰው ሰው፣ ማታ የመኪናውን መስታወት አውርዶ ልጁ የምትሆንን ሴተኛ አዳሪ በፉጨት ይጠራታል። መሄዱን ለሚስቱና ለፈጣሪው እተዋለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ እዚያ ከደረሰ በኋላ የሚያሳየው ብልግና ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ ዝናብ ይዞኝ አንድ ሆቴል በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። አጠገቤ ሁለት ሴቶች ቆመዋል። አንዷ ጃንጥላ ይዛለች፤ ሌላዋ ስስ ጃኬቷን እስከ አገጯ ዘግታለች። መኪና መጥቶ ቆመ፤ ውስጡ አራት ጎረምሶች አሉ። ባለጃኬቷን ጠሯት። ዝናቡ ውስጥ ወጥታ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለች። ዋጋ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ቀንሺ አሏት፤ ቀነሰች። እስቲ ዙሪ አሏት። ዞራ ስትመለስ ከኋላ የተቀመጠው የያዘውን ቢራ ፊቷ ላይ ደፋባትና እየተንከተከቱ ሄዱ። ልጅቷ አልጮኸችም፤ ተመልሳ በረንዳው ሥር ቆመች። የሆቴሉ ዘበኛ፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ከካፖርታቸው ኪስ ሶፍት አውጥተው ሰጧትና «አይዞሽ ልጄ» አሏት። «ለምጄዋለሁ አባባ» አለች፤ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዷል።

አንድ ሰው ፊቱ ላይ ቢራ ሲደፋበት የሚለምደው ስንት ጊዜ ቢደፋበት ነው? እነዚያ ልጆች ሰካራም ናቸው ብዬ ላልፋቸው አልችልም። የሰከረ ሰው ፖሊስ ላይ ቢራ አይደፋም፤ ትራፊክ ላይ አይደፋም፤ የአለቃውን ሚስት ዙሪ አይላትም። ማን ላይ ቢደፋ ማንም እንደማይጠይቀው አጥርቶ ያውቃል። ይህን እውቀት የሰጠነው እኛ ነን፤ በቤታችን፣ በቀልዳችን፣ «እሷ ደግሞ ምን ክብር አላት» በምንላት በዚያች አባባላችን።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከሄድክ አይቀር ሰው ሆነህ ሂድ። ሰላምታ ስጥ። ዋጋውን ቀድመህ ተነጋገር፤ ከተስማማህ በኋላ ቃልህን ጠብቅ። ለሾርት ተስማምተህ ገብተህ አዳር ካልሆነ ብለህ በር ላይ አትቁም፤ ጠዋት ተነስተህ «ትናንት ያልኩሽ ይህን ያህል አልነበረም» አትበል። በወር ደመወዝ የምትኖር ከሆነ አለቃህ ሠርተህ ከጨረስክ በኋላ ግማሹን ልስጥህ ቢልህ ምን እንደምታደርግ አስብ። ብሩን መሬት ላይ አትወርውርላት፤ በእጇ ስጣት። ብዙዎቹ በሚኖሩባት አንዲት ክፍል ነው የሚሠሩት፤ ከመጋረጃው ወዲያ ሕፃን ተኝቶ ሊሆን ይችላልና ድምፅህን ቀንስ። አይሆንም ያለችህን ነገር አይሆንም ብላሃለች፤ መክፈልህ ያንን አይለውጠውም።

ኮንዶም ላይ የሚነሳው ክርክር ደግሞ ለብቻው ያበግነኛል። «ያለ ኮንዶም እጥፍ እከፍላለሁ» የሚል ወንድ ሞልቷል። የቤት ኪራይ ቀን የደረሰባትን፣ ልጇ የታመመባትን ሴት መርጦ፣ ጭንቋን አይቶ፣ ሕይወቷ ላይ ዋጋ ይቆርጣል። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ጎን ይተኛል። ነገ አንድ ነገር ቢመጣ የሚረገመው ማን ነው? እሷ። በሽታ አምጪ፣ ቤት አፍራሽ የምትባለው እሷ ናት። ኤች አይ ቪ አገሩን ባስጨነቀባቸው ዓመታት ግን «ሕይወት ትረስት» እና «ሴንሴሽን» የተባሉት ኮንዶሞች ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጠው በየቡና ቤቱ ሲሸጡ፣ ወንዱን ያለዚህ አይሆንም እያሉ የተሟገቱት እነዚህ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ በክርክሩ ተደብድበዋል። ለዚያ ውለታ አንድም ቀን ያመሰገንናቸው አይመስለኝም።

ሌላም ወንድ አለ፤ እሱ ደግ ነኝ ብሎ ያምናል። ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ «እንዲህ ቆንጆ ሆነሽ እንዴት እዚህ ሥራ ውስጥ ገባሽ?» ይላል። ታሪኳን ይፈልጋል። እንድታለቅስለት፣ እሱም አዝኖላት ሄዶ ጥሩ ሰው እንደሆነ እንዲሰማው ይፈልጋል። ያችን ታሪክ ለስንት ሰው እንደተናገረች አስበው! ከገጠር ስትመጣ አውቶቡስ ተራ የተቀበላትን ደላላ፣ ሠራተኛ ሆና የገባችበትን ቤት፣ ከዚያ ቤት ለምን እንደወጣች። አንዳንዷ ከአረብ አገር ባዶ እጇን ተመልሳ፣ የላከችውን ገንዘብ ቤተሰብ ጨርሶት ያገኘችው ናት። መናገር ከፈለገች ትናገራለች። ካልፈለገች ቁስልሽን ግለጪልኝ ማለት መብትህ አይደለም።

ከሁሉ የባሱት ግን ካሜራ የያዙት ናቸው። ስልካቸውን ደግነው፣ ማይክራፎን ይዘው፣ ሌሊት ጎዳና ላይ ሴቶችን እያሳደዱ የሚቀርጹ ወንዶች አሉ። ፊቷን በእጇ ስትሸፍን ካሜራው ይጠጋታል፤ ስትሮጥ ይከተላታል። በማግስቱ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ተለጥፎ ሕዝብ ይስቅበታል። ያቺ ልጅ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ናት ብላ የምታምን እናት አገር ቤት አላት፤ በየወሩ ገንዘብ የምትልክለት ወንድም አላት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 24 ላይ ማንኛውም ሰው ሰብአዊ ክብሩና መልካም ስሙ እንዲከበርለት መብት አለው ሲል ማታ የምትሠራን ሴት ለይቶ አላስቀረም። ያንን ቪዲዮ ከፍተህ ያየኸው፣ ለጓደኛህ የላክኸው አንተም ከቀራጩ አትሻልም።

የቀኑስ ኑሯቸው? ቀድሞ የምኖርበት ግቢ ውስጥ አንዲት እንዲህ ያለች ሴት ተከራይታ ነበር። ኪራዩ ለእሷ ብቻ ከሌሎቻችን ይበልጥ ነበር፤ አከራያችን ምክንያቱን ሲጠየቁ «እሷ ታገኛለች» ይሉ ነበር። የእድር ገንዘብ በየወሩ ይቀበሏታል፤ ሰው ሲሞት ግን ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ ከጎኗ ይነሳሉ። አንድ ቀን ከሌሎቹ ጋር ቡና ስትጠጣ አየሁ። ስትሄድ የጠጣችበትን ስኒ የቤቱ እመቤት ከረከቦቱ ላይ ለይታ አነሳችውና መስኮቱ ላይ ለብቻው አስቀመጠችው። ሌሎቹ አዩ፤ አንድም የተናገረ የለም። ያች ሴት በዚያ ሰሞን የዚያው ቤት ልጅ ታሞ ሌሊት ታክሲ ጠርታ ሐኪም ቤት ያደረሰችው ናት።

እንዲህ እንድንለያቸው ያዘዘን ሃይማኖታችን ነው የሚል ሊኖር ይችላል። የቱ ሃይማኖት? የማቴዎስ ወንጌል የክርስቶስን የዘር ሐረግ ሲቆጥር የኢያሪኮዋን ሴተኛ አዳሪ ረዓብን በስሟ አስገብቷታል። እስልምናም ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውሃ ቀድታ ስላጠጣች ኃጢአቷ የተማረላትን ሴት ያውቃል፤ ሥራዋም ይኸው ነበር። ስኒ መለየትን ያስተማረን መጽሐፍ የለም።

ደግሞም ይህ ከተማ እነሱን የሚያውቃቸው ሲፈልጋቸው ብቻ ነው። የውቤ በረሃን ዘመን ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ በናፍቆት ያወሩታል፤ ሙዚቃውን፣ ጠጁን፣ ጠቡን። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን ሲጽፍ የዚያን ሰፈር ሴቶች የሚቆጡ፣ የሚስቁ፣ የሚያፈቅሩ ሰዎች አድርጎ ነው የጻፋቸው፤ እኛ ግን መጽሐፉን ስናነሳ የምናወራው ስለ ብልግናው ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የከተማው አስተዳደር የጎዳና ላይ ልመናንና የወሲብ ንግድን የሚከለክል ረቂቅ ማዘጋጀቱ ሲነገር፣ ከ10,000 በላይ ሴቶች በጎዳና ላይ እንዳሉ ተገምቶ ነበር። ክልከላው ተወራ፤ እነዚያ ሴቶች በማግስቱ ምን በልተው እንደሚያድሩ ግን እንደ ዋና ጥያቄ ሲነሳ አልሰማሁም። የካዛንቺስ ሰፈር ሲፈርስም የቤት ባለቤቱና የቀበሌ ቤት ተከራዩ ወዴት እንደሄዱ ተነግሮናል። በአንዲት ክፍል በቀን ሂሳብ የሚያድሩት ወዴት ሄዱ ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንምጣ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 ሴትን በኃይል አስገድዶ የደፈረ ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል። ሴት ነው የሚለው። ሥራዋ ምንድን ነው፣ ማታ የት ቆማ ነበር፣ ከሰውየው ብር ተቀብላለች ወይ አይልም። ሕጉ በሌላው ገላ የሚነግደውን ደላላና ቤት ከፋች ይቀጣል፤ እሷን ለማንም እጅ አልሰጠም። ነገር ግን ሌሊት ተደፍራ፣ ልብሷ ተቀዶ ጣቢያ የምትገባ ሴተኛ አዳሪ መጀመሪያ የምትሰማው ሳቅ ነው። «አልከፈለሽም እንዴ?» የሚል ሳቅ። ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው አንዱ ለሌላው ይጠቅሳል፤ ቁጭ በይ ይሏታል፤ ነገ ነይ ይሏታል። ይህ የደረሰባት ሴት ነግራኛለች፤ ሁለተኛ አልሄደችም።

ያ የሚስቀው መኮንን አንድ ነገር ይወቅ። ኤች አይ ቪ እንዳይይዛት የሚሰጠው መድኃኒት ከተደፈረች በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይሻላል። እርግዝና የሚከላከለውም እንደዚያው ጊዜ አይሰጥም። ማስረጃውም በየሰዓቱ ይጠፋል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተደፈሩ ሴቶችን በአንድ ቦታ የሚያክም፣ የሚያማክርና ለክስ የሚያዘጋጅ ማዕከል አለ። «ነገ ነይ» ባላት ቁጥር ከዚያ 72 ሰዓት ላይ እየቀነሰባት ነው። እንግዲያው ሳቁን ይተውና ወንበር ይስጣት። ሴት ፖሊስ ይጥራላት። ቃሏን እንደማንኛዋም ሴት ቃል ይጻፍ፤ የምርመራ ወረቀቱን ይፈርምላት፤ ሳይነጋ ወደ ጋንዲ ይላካት።