«ጋዙ አልቋል» ከመባሉ በፊት

በአንበሳሜም ሆነ በሐሙሲትና በወረታ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ሲያቆም ባለቤቱ ቶሎ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ጋዙ አልቋል።» ጎረቤት ይለዋል፣ ባለሱቁ ይለዋል፣ አንዳንዴም ጠጋኙ የፍሪጁን ጀርባ ሳያይ ይለዋል። ከዚያ ገንዘብ ይቆጠራል፣ ጋዝ ይሞላል፣ ፍሪጁ ጥቂት ሳምንት ይሠራል፤ ቆይቶ ያው ፍርድ ይደገማል። ደመወዙን ቆጥቦ የገዛ መምህርም ሆነ ሩዟን ሸጣ የገዛች የፎገራ ገበሬ በዚህ መንገድ የሚያጡት ገንዘብ ያሳዝነኛል። ብዙ ጊዜ ፍርዱ ትክክል አይደለምና።

የፍሪጅ ጋዝ እንደ ኩራዝ ጋዝ እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተበየደ ቧንቧ ውስጥ ተዘግቶ ይዞራል። ሞተሩ፣ ማለትም ኮምፕረሰሩ፣ ይጨምቀዋል፤ በጀርባው ባለው ጥቁር ፍርግርግ ወይም በጎኑ ግድግዳ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያ በቀጭን ቧንቧ አልፎ በረዶ ቤቱ ጋ ሲደርስ ይተንና የምግቡን ሙቀት ይወስዳል። ቧንቧው ካልተበሳ ፍሪጁ ሃያ ዓመት ቢያገለግልም ጋዙ እዚያው ነው። ቀነሰ ከተባለ ሾልኳል። የሾለከበት ቦታ ሳይገኝ የሚሞላው ጋዝ ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ይወጣል። ስለዚህ «ጋዝ ልሙላ» ለሚል ባለሙያ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቀዳዳው የት ነው?» ሊሆን ይገባል። ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ሥራውን አክብሮ የሚሠራ ጠጋኝም ቢጠየቅ አይቀየምም።

ጠጋኝ ከመጠራቱ በፊት ቤት ውስጥ መታየት ያለበት ብዙ ነገር አለ። በሩ ሲከፈት አምፖሉ ይበራል? ካልበራ ሶኬቱንና ቆጣሪውን ማየት ነው። አምፖሉ እየበራ ሞተሩ ዝም ካለ ጆሮ ሰጥቶ ማዳመጥ ያስፈልጋል። በየጥቂት ደቂቃው «ጠቅ» የሚል ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ሞተሩ ሊነሣ ሞክሮ መከላከያው እያቋረጠው ነው፤ መንሥኤው የኃይል ማነስ ወይም ሪሌ የምትባለው ትንሽ ዕቃ መበላሸት ሊሆን ይችላል። የሪሌ ዋጋ ከኮምፕረሰር ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሞተሩ ሳያቋርጥ እየሠራ ፍርግርጉ የማይሞቅ፣ በረዶውም በአንድ ጥግ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን ያኔ ጋዝ ሾልኮ ሊሆን ይችላል። የበሩን ጎማም አትርሱ፦ የብር ኖት በበሩ መሐል አድርጎ መዝጋትና መሳብ ነው፤ ኖቱ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ቀዝቃዛው አየርም በዚያው ይወጣል።

እኔ እንደምታዘበው በአካባቢያችን ፍሪጅን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የመብራት መሄድና መምጣት ነው። ለጣና ጎረቤቶች ነን። የሐይቁን ውኃ ይዞ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል። ወደ ቤታችን መድረስ ያለበት 220 ቮልት ግን ምሽት ላይ ሲወርድ ፈዝዞ የሚበራው አምፖል ራሱ ይናገራል። ኃይል ሲያንስ ሞተሩ ለመነሣት ይታገላል፣ ይግላል፣ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ይቃጠላል። ሌላም አለ፦ መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ በቧንቧው ውስጥ የተጨመቀው ጋዝ ገና አልተረጋጋም፤ ሞተሩ ያን ግፊት ተሸክሞ ሊነሣ አይችልም። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን መንቀል፣ ከመጣ በኋላም አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ መሰካት ምንም ወጪ የለውም። አቅም ያለው ሰው አዘግይቶ የሚያበራ ስታቢላይዘር ይግዛ። ይህ ሁሉ ግን የቤተሰብ ሸክም ብቻ ሊሆን አይገባም። ኃይል የሚያቀርበው ተቋም መስመር ሊያጠፋ ሲል ቀድሞ ማሳወቅ፣ ኃይሉ ማታ ማታ የሚወርድበትን ሰፈር ትራንስፎርመር መፈተሽ አለበት። ነዋሪውም አምፖሉ በፈዘዘ ቁጥር ነገሩን ከመልመድ ይልቅ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ በሰፈር ሆኖ ያመልክት።

ፍሪጅ «አልሠራ አለ» የሚባልበት ጊዜ ቢቆጠር የፋሲካን ሰሞን የሚቀድመው ያለ አይመስለኝም። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋና ወተት የማይገባበት ቤት ፍሪጁን ነቅሎ ይተወዋል። በትንሣኤ ጠዋት ቅርጫው ይከፋፈላል፤ ሙቀቱ ያልወጣለት ሥጋ በፌስታል ታስሮ ይመጣል፤ ፍሪጁ ያኔ ይሰካና እስከ አፉ ይሞላል። ባዶውን ለመቀዝቀዝ እንኳ ሰዓታት ይፈልጋል። በዚያው ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ስለሚሰካ ኃይሉ ይወርዳል። ማታ ሥጋው ይሸትና ያው ፍርድ ይመጣል፦ ጋዙ አልቋል። ፍሪጁ በቅዳም ስዑር ጠዋት ተወልውሎ ቢሰካ፣ ሥጋው በትንንሹ ተከፋፍሎ አየር በሚያልፍበት ሁኔታ ቢቀመጥ ከዚህ ይዳናል። እናቶቻችን ሥጋውን ሁሉ ጥሬውን አያሳድሩም ነበር፤ ከፊሉ የዚያኑ ዕለት ቋንጣ ሆኖ ገመድ ላይ ይወጣ ነበር። ፍሪጅ መጣ ተብሎ ይህ መተው አልነበረበትም።

በረዶ ሲበዛ በቢላ መፈቅፈቅንም ብዙ ቤት አይቻለሁ። የበረዶ ቤቱ ግድግዳ ቀጭን አልሙኒየም ነው፤ ቢላው አንዴ ከበሳው ጋዙ በእርግጥም ይወጣል፣ አልሙኒየም መበየድም ቀላል አይደለም። ነቅሎ፣ በሩን ከፍቶ፣ በረዶው በራሱ እስኪቀልጥ መጠበቅ ነው።

ጋዝ መሙላት ግድ ከሆነ ሞተሩ ላይ ወይም ጀርባው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ይነበብ። የሚያስፈልገው አር 134 ኤ ይሁን አር 600 ኤ፣ ስንት ግራም እንደሚገባም ተጽፏል። አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም። አር 600 ኤ ተቀጣጣይ ስለሆነ በተዘጋ ክፍል፣ ከእሳት አጠገብ የሚነካ አይደለም። አር 134 ኤ ደግሞ ወደ አየር ሲለቀቅ፣ ክብደት ለክብደት ሲመዘን፣ ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ነው። ይህን ለወጣት ጠጋኞች ማስተማርና በአግባቡ የሚለካ መሣሪያ በእጃቸው ማስገባት የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሥራ ነው። ልጆቹ ትጋት አላቸው፤ ያጡት ሥልጠናና መሣሪያ ነው።

ጉዳዩ ሥጋና ወተት ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍሁ። ፍሪጅ ውስጥ ኢንሱሊን የሚያስቀምጡ ቤተሰቦች አሉ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊቆይ ይገባል፤ በረዶ ከያዘው ደግሞ ቢቀልጥም አይሠራም። መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ ለሚያልፍ ጊዜ፣ ናይጄሪያዊው መምህር ሞሐመድ ባህ አባ በሠራውና እ.ኤ.አ. በ2000 የሮሌክስ ሽልማት ባገኘበት መንገድ፣ ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስገብቶ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ መሙላት ይረዳል። በበጋ ደረቅ አየር ጥሩ ያቀዘቅዛል፤ የጉማራና የርብ ወንዞች የፎገራን ሜዳ በሚሞሉበት ክረምት ግን አየሩ እርጥብ ስለሆነ ኃይሉ ይቀንሳል። የተከፈተው ኢንሱሊን ከኃይለኛ ሙቀት ከተጠበቀ አራት ሳምንት ያህል ከፍሪጅ ውጪ ይቆያል፤ የየመድኃኒቱን ልክ ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ይናገራል።

የተበላሸ ኢንሱሊን ሁልጊዜ በዓይን አይለይም፤ የተበላሸው ደግሞ ገና መድኃኒት መደብር ውስጥ ሳለ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት መደብሮች ፍሪጃቸው ውስጥ ቴርሞሜትር አስቀምጠው ንባቡን ጠዋትና ማታ መመዝገብ አለባቸው። ኢንሱሊን የምትገዙ ወገኖቼ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የዕለቱን ንባብ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ መዝገቡ ከሌለ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ተናገሩ።