ማሪዮ ፓርቲ ከዕድል ቢጸዳ ማን ይጫወተዋል?

አንድ ሰዓት ከምናምን ሲመራ የቆየ ተጫዋች በመጨረሻዋ ደቂቃ ሁለተኛ ሆኖ ሲቀር ይናደዳል። የማሪዮ ፓርቲ ወዳጆች እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ሲከራከሩ የኖሩት በዚሁ ነው፤ ኒንቴንዶ በኦክቶበር 2024 ያወጣው «ሱፐር ማሪዮ ፓርቲ ጃምቦሪ» ደግሞ ክርክሩን እንደገና አሟሙቆታል።

ጌሙን ለማያውቅ ሰው፦ አራት ተጫዋቾች ዳይስ እየጣሉ ሰሌዳ ላይ ይጓዛሉ። ሁሉም ተራቸውን ሲጨርሱ አጭር ሚኒ ጌም ይገጥማሉ፤ ያሸነፈ ሳንቲም ያገኛል፤ 20 ሳንቲም አንድ ኮከብ ይገዛል። ብዙ ኮከብ የያዘ አሸናፊ ነው። ግን መጨረሻ ላይ የጉርሻ ኮከብ አለ፤ ለምሳሌ ብዙ ለተጓዘ ይሰጣል። ሚኒ ጌሙን ሁሉ ሲያሸንፍ የዋለው ሰው ያኔ ነው ጉድ የሚሆነው።

በጥቅሉ ተጫዋቾች ጃምቦሪን ወደውታል፤ ምክንያትም አላቸው። በ2012 የወጣው ዘጠነኛው ማሪዮ ፓርቲ አራቱንም ተፎካካሪ አንድ መኪና ላይ አሳፍሮ ብዙዎችን አስቀይሞ ነበር። የ2018ቱ አራት ትናንሽ ሰሌዳዎች ብቻ ነበሩት። ጃምቦሪ ሰባት ሰሌዳና ከ110 በላይ ሚኒ ጌም ይዞ ወደ ድሮው አካሄድ ተመለሰ። (በጁላይ 2025 ለስዊች 2 የመጣው ተጨማሪ ክፍል ግን 20 ዶላር ተጠይቆበት አንድም አዲስ ሰሌዳ አልጨመረም። እዚህ ላይ የተቆጡት እውነት አላቸው።)

ዕድል ይቀነስልን ለሚሉት ጃምቦሪ «ፕሮ» የሚባል ሕግ አዘጋጅቷል። የጉርሻ ኮከቡ በምን እንደሚሰጥ ገና ሲጀመር ይነገራል። ለሚፈልገው ጥሩ ነው። ጌሙ በሙሉ እንደዚህ ይሁን የሚሉት ግን አጠገባቸው የተቀመጠችውን የስምንት ዓመት እህታቸውን ረስተዋል። ዳማ ከሚችል ሰው ጋር ሦስት ጊዜ ተቀምጦ ሦስቴም የተበላ ልጅ ለአራተኛው አይመለስም። ማሪዮ ፓርቲ ላይ የሚመለሰው ዳይሱ ለእሱም ሊወጣለት ስለሚችል ነው።

እውነተኛው ቅሬታ ሌላ ቦታ ነው። በጃምቦሪ «አጋር» የሚባሉ ገጸ ባሕርያት ሰሌዳው ላይ ብቅ ይላሉ። አጋር የያዘ ሰው ኮከቡ ጋ ሲደርስ 40 ሳንቲም ከፍሎ ሁለት ኮከብ በአንዴ መግዛት ይችላል። 40 ሳንቲም ያለው ማን ነው? ቀድሞውንም ሲያሸንፍ የቆየው። ባዶ እጁን የቀረው ልጅ አጋሩን ቢያገኝ እንኳ ምንም አይገዛበትም። እርግጥ አጋሩ የሚቆየው ለሦስት ተራ ነው፤ በአጠገቡ ያለፈ ተፎካካሪም ይነጥቀዋል። ሆኖም በሁለት ኮከብ የሰፋ ልዩነት በአንድ የጉርሻ ኮከብ አይሞላም።

ስለዚህ «ዕድል በዛ» ብሎ በጅምላ ማማረር ኢላማውን ይስታል። የጉርሻ ኮከብ ወደ ኋላ የቀረውን ሊያነሳ ይችላል፤ የአጋሩ እጥፍ ግዢ ግን በአመዛኙ ለመሪው ይጨምርለታል። ቀጣዩ ማሪዮ ፓርቲ ሲሠራ የጉርሻ ኮከቡ ይቆይ፤ እጥፍ ግዢው ደግሞ በኮከብ ብዛት ለሚመራው ተጫዋች ይከልከል።