የልጅ እጅ በአባት መዝገብ ላይ

በዛሬው ዓምዳችን የምንመለከተው ጉዳይ ትንሽ ቢመስልም በቤት ላይ የሚያመጣው ጥፋት ትንሽ አይደለም። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ አንድ ኮምፒውተር ቤተ ሰቡን ሁሉ የሚያገለግልበት ቤት አለ። አባት የሰበካ ጉባኤ ጸሓፊ ቢሆን የክርስትናውን መዝገብ ይጽፍበታል፤ ልጁም ከጎኑ ተቀምጦ በሌላ ኪቦርድ ፊደል ይለማመድበታል። ነገር ግን ልጁ የመታው ቁልፍ በመዝገቡ ላይ ወድቆ ስም ወይም ቀን ቢለውጥ፣ ወንዱ በ40 ሴቲቱም በ80 ቀን ክርስትና የተነሡበት ምስክርነት ይበላሻል። ከዓመታት በኋላ ማስረጃ ሲፈለግ ስሕተቱን ዐውቆ የሚያርም አይገኝም።

ምክንያቱን ብንመረምር ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ሊኑክስ የተባለው፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ የጀመረው ሥርዓት፣ እያንዳንዱን ኪቦርድና ማውስ ለይቶ ያውቃል፤ ለየአንዳንዱም የራሱን ፋይል ይሰጠዋል። በላዩ ያለው የመስኮቶች ሥርዓት ግን ሁሉን እንደ ጅረት በአንድ ቦይ አገናኝቶ በዚያች ሰዓት ወደ ተመረጠው መስኮት ያፈሰዋል። ስለዚህ የመታው ማን እንደ ሆነ አይጠየቅም።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው መለየት ነው። ኤክስ በተባለው የመስኮቶች ሥርዓት፣ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ኤክስኢንፑት በሚባለው ትእዛዝ ሁለተኛ ጠቋሚና ሁለተኛ ኪቦርድ ማቋቋም ይቻላል። በአንዱ ስክሪን ላይ ሁለት ቀስቶች ይታያሉ፤ አንዱ ለአባት፣ አንዱ ለልጅ። ይሁን እንጂ ይህ መለያ እንጂ ቁልፍ አይደለም፤ ልጁ ቀስቱን ወደ አባቱ መስኮት ቢወስድ የሚከለክለው የለም። ዌይላንድ በተባለው በአዲሱ ሥርዓትም ይህ ዘዴ አይሠራም።

ሁለተኛው የጸና ነው። የመስኮቶቹ ሥርዓት የልጁን ኪቦርድ ጨርሶ እንዳይሰማ ደንብ ይጻፍለታል፤ የኪቦርዱም ፋይል ለልጁ ፕሮግራም ብቻ ይፈቀዳል። ፕሮግራሙ ከፋይሉ በቀጥታ የሚያነብ ሊሆን ይገባዋል፤ እንደዚህ ከሆነ ቁልፉ ወደ ሌላ መስኮት የሚደርስበት መንገድ የለውም። በዌይላንድም ይሠራል። ሁለቱ ኪቦርዶች አንድ ዓይነት ቢሆኑ በስማቸው ሳይሆን በተሰኩበት ቀዳዳ መለየት ያሻል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ሥራው እንዲቀል ብሎ የኪቦርዶቹን ፋይል ለሁሉ መፍቀድ አደገኛ ነው። ፋይሉን የሚያነብ ፕሮግራም የተመታውን ሁሉ፣ የምስጢር ቃልን ጭምር፣ ይሰማልና። ደንቡም ከተጻፈ በኋላ መዝገቡ ሳይከፈት በባዶ ገጽ ይፈተን፤ ልጁ እንደ ፈቀደ ይምታ፣ አባትም አንዲት ፊደል እንዳልገባች ይመልከት።

ነገሩ ለመንዝ ሰው እንግዳ አይደለም። የጓሳ ሣር የጋራ ሀብት ነበረ፤ ሆኖም አባቶች ለዓመታት ይዘጉት ነበር። የመረጧቸው አለቆች በፈቀዱበት ወራት ብቻ ሣር ዐጫጁ በጊዜው፣ ከብት አሰማሪውም በጊዜው ይገባ ነበር። ይህ ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ጸንቶ ኖረ። ገደቡ ባለ መብቱን ለመጥላት አልነበረም፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር ለሁሉም እንዲተርፍ ነበር እንጂ።

እንግዲህ ወላጆች፣ መዝገቡን ለማዳን ብላችሁ ልጁን ከኮምፒውተሩ አታባርሩት። የተባረረ ልጅ ተደብቆ ይመለሳል፤ ስፍራው የታወቀለት ልጅ ግን ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ይማራል። ለእርሱ የፊደሉን መስኮት፣ ለአባት የመዝገቡን መስኮት ለይተን ብንሰጥ ሁለቱም በአንድ ብርሃን ሥር በሰላም ይሠራሉ።