«ሰው የለመደ ውሻ አይጠብቅም» ለሚሉ

ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ ከሰላምታው በፊት በሩን ገርበብ አድርጎ «ውሻው ታስሯል?» ይላል። «ግቡ፣ ታስሯል» እስኪባል እግሩን አያነሳም። አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ያው ነው። የዚህ ሁሉ መነሻ ብዙ ሰው ሳይመረምር የተቀበለው አንድ አባባል ነው፦ ውሻ ሰው ከለመደ ግቢ አይጠብቅም።

በዚህ እምነት ቡችላው ጡት እንደጣለ ጓሮ ይታሰራል። እንግዳ ሲመጣ ይደበቃል፣ ሲጮኽ «ጎበዝ» ይባላል። ኃይለኛ እንዲሆን በርበሬ አብሉት የሚሉም አሉ። እንዲህ ያለ አስተዳደግ የሚያወጣው ፈሪ ውሻ ነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባን ከአክስት አይለይም፤ የቀረበውን ሁሉ ይነክሳል።

በ1961 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባር ሃርበር የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። እስከ 14ኛ ሳምንታቸው ከሰው ተለይተው ያደጉ ቡችሎች ከዚያ በኋላ ሰውን መላመድ እጅግ ከብዷቸዋል። ቡችላ ሰውን የሚለምድበት ዋናው ጊዜ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ነው፤ እኛ ደግሞ ያን ጊዜ በሰንሰለት እናባክነዋለን። «ሳይከተብ እንዴት ከሰው ይገናኝ?» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። ቡችላውን መንገድ ላይ መልቀቅ አያስፈልግም፤ ሰው ወደ ግቢው ይምጣ። ሦስት ወር ሲሞላው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ሊዘገይ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው 99 በመቶ በውሻ ነው።

ሐዋሳ ላይ ነገሩ ይበልጥ ያሳስበኛል። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በቅርስነት በመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ሕፃናት «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፣ በየደረሱበትም ይመገባሉ። በር ሁሉ ለልጅ ክፍት በሚሆንበት ቀን ሰው አይቶ የማያውቅ ውሻ ግቢ ውስጥ ማቆየት ነውር ነው። ሕጉም ቢሆን አይምርም፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 እንስሳው ሳይታሰብ ቢያመልጥ እንኳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። «ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነው» ማለት አያድንም።

በሌላ በኩል ውሻ ወዳዶችም የሚያጠፉት አለ። ውሻቸው እንግዳ ላይ ሲዘል «አይዞህ፣ አይናከስም» ይላሉ። እንግዳው የፈራው መነከስን ብቻ ነው ያለው ማነው? ነጠላዋን ለብሳ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰች እናት አለች፤ ለሶላት ውዱእ አድርጎ የውሻ ምራቅ እንዳይነካው የሚጠነቀቅ ጎረቤት አለ። ጨዋ ውሻ ማለት ሁሉን የሚልስ አይደለም፤ ካልጠሩት የማይጠጋ ነው።

ይህን ማስተማር ገንዘብ አይጠይቅም። ለቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች በየቀኑ ይመጣሉ፤ ከእነሱ የተሻለ የልምምድ እንግዳ የለም። ቡችላው በአጭር ገመድ ተይዞ በሩ አጠገብ የተነጠፈ ጆንያ ላይ ይቀመጥ። ከዘለለ መምታትም መጮኽም አይገባም፤ በእጅ መግፋትን እሱ ጨዋታ ያደርገዋል። ጀርባ ሰጥቶ ዝም ማለት ይበቃል። አራቱም እግሮቹ መሬት ሲነኩ ስሙን ጠርቶ ቁራሽ ሥጋ መስጠት ነው። ከባዱ ቤተሰቡን ማስማማት ነው፦ አባት የከለከለውን ልጆች እየሳቁ ካቀፉት ቡችላው ግራ ይጋባል።

ሌባውስ? ሰው የለመደ ውሻም ያልተለመደ ኮቴ ሲሰማ ይጮኻል። ልዩነቱ ባለቤቱ ወጥቶ «በቃ» ሲለው ዝም ማለቱ ነው። ስለዚህም ሌሊት ሲጮኽ ቤተሰቡ ብድግ ይላል። ቀኑን ሙሉ በአላፊ አግዳሚው ላይ ሲጮኽ የሚውለውን ግን ሌሊትም ማንም አይሰማውም።