ሽልንግ ለአጥንት አይከፈልም

ዌስትላንድስ ላይ ብስክሌተኛ ሲገጭ፣ ከደሙ በፊት የሚደርቀው የምስክር ምላስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው 27 ኪሎ ሜትር ፈጣን መንገድ ብስክሌት አያስገባም፤ ብስክሌተኛው ከሥሩ፣ በዋያኪ ዌይ ከመኪና ጋር ይጋፋል። ሲወድቅም «የእግዜር ቁጣ ነው» ተብሎ ጥቂት ሽልንግ ይወረወርለታል። እኛ ስደተኞችም «ፖሊስ መታወቂያ ይጠይቀናል» ብለን እንቀበላለን። ይህ እርቅ አይደለም፤ የወገንን አጥንት መቸርቸር ነው!

የኬንያ የትራፊክ ሕግ የገጨ አሽከርካሪ እንዲቆም፣ ስሙን እንዲሰጥ፣ አደጋውንም ለፖሊስ እንዲያመለክት ያስገድዳል። የተገጨው ሰው አገር የት እንደሆነ አይጠይቅም።

ስለዚህ ወገኖች፣ መጀመሪያ ቁስለኛውን ለሐኪም እናድርስ። ታርጋውን እንጻፍ፤ ምስክር እንቁም፤ ከፖሊስ ፒ-ስሪ የተባለውን የጉዳት ቅጽ ወስደን በሐኪም እናስሞላ። ካሣ የሚጠየቀው ከዚህ ወዲያ ነው እንላለን።